«ሆዴ ባባ» እና «ሆድ ባሰኝ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ልጃቸውን የሚድሩ አባት ንግግር ሲያደርጉ ድምፃቸው ተቆራረጠና «ይቅርታ፣ ስሜታዊ ሆንኩ» አሉ። እኛ ቤት እንዲህ ሲሆን «ሆዴ ባባ» ነው የሚባለው። «ሆድ ባሰኝ ማለት ነበረባቸው» ያሉም አሉ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ለአባትየው የሚስማማው «ሆዴ ባባ» ነው። «ሆድ ባሰኝ» ቢሉ ኖሮ እንግዳው «ማን ምን አደረጋቸው?» ብሎ እርስ በርስ በተያየ ነበር።

ባባ የሚባለው ሆድ በፍቅር፣ በናፍቆት፣ በትዝታ ወይም በሐዘኔታ ሲላላ ነው። እንባው ቀርቧል እንጂ ገና አልወረደም፤ «ሆዱ ባብቶ እንባ ተናነቀው» የምንለውም ቅደም ተከተሉን ጠብቀን ነው። ደስታም ያባባል። ልጅ ሲመረቅ ወይም የቆየ ዜማ ሲሰማ ሆዳችን ቢባባ የበደለን ሰው የለም።

ባሰ ግን የ«የባሰ» እና የ«ብሶት» ዘመድ ነው። ሆድ የባሰው ሰው ተበድያለሁ፣ ተረስቻለሁ፣ አለኝ የምለው ሰው የለኝም ባይ ነው። ወላጆቹን ያጣ ሰው «በዓል ሲመጣ ሆድ ይብሰኛል» ሲል ናፍቆቱን ብቻ ሳይሆን ብቻውን መቅረቱንም እየነገረን ነው። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የተባለው ምሬት እጅን ወዴት እንደሚመራ ስለማይታወቅ ነው። ሆዱ ለባባ ሰውማ ማጭድ ቢያውሱት ምንም አይል።

ሰዋስዋቸውም ይለያል፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በ«ሆዴ ባባ» የግሡ ባለቤት ሆድ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲለዋወጥ የሚለወጠው የሆድ ቅጥያ ብቻ ነው፦ ሆዴ ባባ፣ ሆድሽ ባባ፣ ሆዷ ባባ፣ ሆዳችን ባባ። «እኔ ባባሁ» አያስኬድም። በ«ሆድ ባሰኝ» ደግሞ ሆድ እንዳለ ይቀመጥና ሰውየው በግሡ ጫፍ ይመጣል፦ ባሰኝ፣ ባሰሽ፣ ባሳት፣ ባሰን። እርባታውን የሚያምታቱ ካሉ፣ ባባ የሚሄደው እንደ ላላ፣ ሳሳ እና ራራ ነው፦ ይባባል፣ ባብቶ፣ መባባት። ባሰ ግን ይብሳል፣ ብሶ፣ መባስ ይላል። «ሆዴ ይባባል» የዘወትር ጠባይን፣ «ሆዴ ባብቷል» የአሁኑን ሁኔታ ይናገራል።

ሌላውን የሚያባባ ነገር ሲኖር «ዘፈኑ ሆዴን አባባው» እንላለን። ይህን ማባባት ከማባባስ ጋር የሚያቀላቅሉ ጽሑፎች ያጋጥማሉ። ችግር ይባባሳል፤ ሆድ ይባባል። የሚያለቅስ ሕፃንን ዝም ማሰኘት ደግሞ ማባበል ነው። ሦስቱ በድምፅ ይቀራረቡ እንጂ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ለሰው ጠባይም ሁለት ቅጽሎች አሉን። ሆደ ቡቡ ቶሎ የሚባባ፣ ለሰው የሚራራ ነው፤ ቃሉ አንዳንዴ የፌዝ ቃና ቢኖረውም ስድብ አይደለም። ሆደ ባሻ ግን በትንሽ ነገር የሚከፋው፣ ቶሎ ተነካሁ የሚል ነው። በምስክር ወረቀት ላይ ሠራተኛን «ሆደ ባሻ» ብሎ ማመስገን አይቻልም! (የ«ሆደ» አገባብ የግእዝ ነው፤ ስሙ ግን የአማርኛ፤ ግእዙ ከርሥ ይላል። እነ ሆደ ሰፊም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።)

«ስሜታዊ» ስሕተት አይደለም፤ ግን ሰፊ ነው። በክርክር መካከል «ስሜታዊ አትሁን» የሚባል ሰው የተቆጣ እንጂ የባባ አይደለም። ስለዚህ «ስሜታዊ ሆንኩ» ያለ ሰው ተናደድኩ እንዳለ ሊቆጠርበት ይችላል። በመድረክ ላይ የሰውነት ክፍል መጥራት ያሳፍራል ብለው የሚሸሹ አሉ፤ እኔ ግን ማፈሩ አይታየኝም። አባትየው ሳያስቡት እንደመጣባቸው መግለጽ ከፈለጉ «ይቅርታ፣ ሆዴ ባባብኝ» ቢሉ ይበቃል፤ «ብኝ» የምትለው ቅጥያ ከፈቃዳቸው ውጭ መሆኑን ትነግርላቸዋለች።