ውክልና ለምን እንደማይበቃ፣ እኛ በአባዬ ካየነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ74 ዓመት እናትሽ መርሳት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጡረታቸውንና የኪራዩን ገንዘብ ከባንክ ማውጣት አቅቷቸዋል። ውጭ ያለው ወንድምሽ «ውክልና ተቀበያቸውና ጨርሺው» ይልሻል። ውክልናውን ልታሠሩ ስትሄዱ ግን ሠራተኛዋ እናትሽን አነጋግራ «የሚፈርሙትን አልተረዱትም» ብላ መለሰቻችሁ። «ታዲያ ፍርድ ቤት ሄጄ እናቴን እብድ ናት ልበል?» ብለሻል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በአባዬ ግን ይህንኑ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሄጄበታለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያቺን ሠራተኛ አትቀየሚያት፤ ትክክል ነው የሠራችው። ውክልና የሚሰጠው ሰው ምን እየሰጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አስቀድሞ በጤና የተሰጠ ውክልና እንኳ ሁልጊዜ አያዛልቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2232 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። እኛ ይህን የተማርነው በደረሰብን ነው። አባዬ ደህና ሳለ ለታላቅ ወንድሜ ውክልና ሰጥቶት ስለነበር ተማምነን ተቀመጥን። አንድ ቀን ባንክ ቤት «ወካዩ እንዴት ናቸው?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም መዋሸት አይችልበትምና «አንዳንዴ እኛንም አይለየንም» አላቸው። በዚያው ቆመ። አባዬን ይዘን ስንመለስ ደግሞ ፊርማው አልገጠመም። 31 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ፊርማው ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ተነስታ ወረቀቱን የምታጋምስ ረጅም ጭረት ነበረች። ያን ቀን መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ተማሪ ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስም ቀና ብሎ «ልክ ነው?» አለኝ።

ስለዚህ የቀረሽ መንገድ በሕጉ «በፍርድ መከልከል» የሚባለው ነው፤ ሰውየው ጉዳዩን ብቻውን መምራት እንደማይችል ፍርድ ቤት ወስኖ የሚጠብቅለትን ሰው ይሾምለታል ማለት ነው። ስሙ ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፤ ያኔ የገቡት ቃላት ዛሬ ለእናት ሲነገሩ ያማሉ። አቤቱታውን የጻፈልን ጠበቃ «እብድ» የምትለዋን ቃል አንድም ቦታ አላስገባም። «በእርጅናና በሕመም ምክንያት የሥራቸውን ውጤት መረዳት ስለማይችሉ» ብሎ ነው የጻፈው፤ በቂም ነበር። ሕጉ ራሱ እርጅናን እንደ አንድ ምክንያት ይጠቅሳል። አንቺም እንደዚያ አስጽፊ።

ከዚያ በፊት ግን ሐኪም ቤት። የምለው ለማስረጃው ብቻ አይደለም። መርሳት ሁሉ የማይመለስ መርሳት አይደለም፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ራሱ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ይታከማሉ። እናትሽ ሊሻላቸው የሚችል ከሆነ ምን አጣደፈሽ? የማይመለስ መሆኑ ከታወቀ ግን የሐኪሞቹን ማስረጃ በጽሑፍ ያዢ፤ የበፊቱንም የሕክምና ካርድ እንዳትጥይው። ለምን እንደምል ልንገርሽ።

ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ስንፈራና ስንተባ ስምንት ወር አለፈ። በዚያ መሃል ተከራያችን አባዬን ብቻውን አግኝቶ፣ ለአምስት ዓመት በድሮው ኪራይ የሚያስቀምጠውን ውል አስፈረመው። ከፍርድ በኋላ የተፈረመ ቢሆን ኖሮ ማፍረሱ ቀላል ነበር፤ የተከለከለ ሰው ብቻውን የገባበት ውል ነዋ። ከፍርድ በፊት ስለሆነ ግን አባዬ በዚያች ቀን ላይ የሚፈርመውን የሚያውቅበት ሁኔታ ላይ እንዳልነበረ ማስረዳት የእኛ ሸክም ሆነ። ያዳነን ከፊርማው ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ካርዱ ላይ የጻፋት አንዲት መስመር ናት። እሷን ይዘን በሽማግሌ አለቀ። ባትኖር ምን ይውጠን እንደነበር እንጃ።

አቤቱታውን ማቅረብ የሚችሉት ራሳቸው ታማሚው፣ የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዶችና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። አንቺ ልጅ ነሽና ትችያለሽ። የልጅነት ማስረጃሽን፣ የሐኪሞቹን ወረቀት፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮችን ታዘጋጃለሽ፤ የትኛው ችሎት እንደሚያየው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት (ሬጅስትራር) ይነግርሻል። ወንድምሽም ካለበት አገር መስማማቱን በጽሑፍ አረጋግጦ ይላክ፤ አለዚያ ነገ «ማን ጠየቀኝ?» ይመጣል።

አሁን ወደ ቀጠሮው ቀን። ፍርድ ቤቱ በወረቀት ብቻ አይወስንም፤ ሰውዬውን አቅርቦ ያያል፣ መቅረብ ካልቻለም ዳኛ ወይም ባለሙያ ያለበት ድረስ ሄዶ ያያቸዋል። አባዬን ለጡረታ ጉዳይ ነው ብለን ወሰድነው። ዳኛዋ «ይቀመጡ አባቴ» ብትለውም አልተቀመጠም፤ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። «ስንት ልጆች አሉዎት?» አለችው። «አምስት» አለና ስማችንን ጠራ። እኛ አራት ነን። አምስተኛዋ በሕፃንነቷ ያረፈችው ናት። ዓመተ ምሕረቱን አላወቀም። «ዛሬ ለምን መጡ?» ስትለው ወደ እኔ ዞሮ «እሷ ታውቃለች» አለ። ያን ጊዜ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠችና ማናችንም ያላሰብነውን ጠየቀችው። «ገንዘብዎን ማን ቢይዝልዎት ይወዳሉ?» አባዬ ሳያመነታ ትንሿን እህቴን አሳያት። «ይቺ ናት ቆጥራ የምትመልሰው» አለ። እኛ በአቤቱታው የጠየቅነው ለታላቅ ወንድሜ ነበር። ችሎቱ ጸጥ አለ። ወንድሜ ራሱ ተነስቶ «እሷ ትሁን» አለ፤ እንደዚያው ተወሰነ። ዓመቱን የማያውቅ ሰው ማንን እንደሚያምን ያውቅ ነበር፤ እኛ ግን አንድም ቀን አልጠየቅነውም። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 ሰው ራሱ እንዲወስን መታገዝ እንዳለበት ይናገራል። ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው፤ ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ይህን መልስ ከዳኛዋ በፊት እቤት እሰማው ነበር። እናትሽን ዛሬ ማታ ጠይቂያቸው።

ፍርድ ቤቱ የሚሾመው በሁለት መልክ ነው፤ ሰውነታቸውን የሚጠብቅ አሳዳሪና ንብረታቸውን የሚያስተዳድር ሞግዚት። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ለያየነው፤ አሳዳሪው እኔ ነኝ። እንድትለያዩት እመክራለሁ፤ አጣቢና አጉራሽ የሆነው ልጅ የገንዘቡንም ሐሜት ሲሸከም ቶሎ ይዝላል። ሞግዚት ማለት ባለቤት ማለት አይደለም። ቤት መሸጥ የመሰለ ከባድ ነገር ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይደረግም። ወንድምሽ ቤቱን ለመሸጥ አስቦ ከሆነ የሚያጣድፍሽ ይህን አሁኑኑ ይወቀው። ትንሿ እህቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ይዛለች፤ የመድኃኒት፣ የዳይፐር፣ የሠራተኛ ደሞዝ፣ ሁሉም ከነደረሰኙ። በየወሩ መጨረሻ አባዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች። እሱም እያንዳንዱን ገጽ ከግርጌው ሙሉ ስሙን ጽፎ ይፈርምላታል። ለሕግ ምንም አይረባም፤ እሱ ግን ሳይፈርም አይተኛም።

የሚወሰድባቸውንም ደግሞ እወቂው። በፍርድ የተከለከለ ሰው ከዚያ በኋላ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም፤ ለማግባት እንኳ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ትንሽ ነገር አይደለም። ፍርድ ቤቱ ግን አንዳንድ ነገሮችን ራሳቸው እንዲያደርጉ ሊፈቅድላቸው ይችላል፤ ካልጠየቅሽ ማንም አያስታውስሽምና ይህን አቤቱታው ውስጥ አስገቢው። ሁኔታው ከተለወጠም ክልከላው እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል። ውሳኔው ሲሰጥሽ ግልባጩን ለባንኩም፣ ለወረዳውም፣ ለተከራዩም በደብዳቤ አድርሺ፤ ያልሰማ ሰው እናትሽን ማስፈረሙን አይተውም።

እህቶችሽና ወንድሞችሽ ገና ደህና የሆነ ወላጅ ያላቸውን ጓደኞቻቸውን ቢመክሩ ደስ ይለኛል። የወላጃቸው አእምሮ ሙሉ ሳለ ጠበቃ ይዘው፣ ችሎታ ቢያጡም ውክልናው እንዲጸና የሚል ቃል ያለበትን ሰነድ ማሠራት ይሻላቸዋል፤ እኛ የአባዬን ስናሠራ ያንን ቃል የነገረን አልነበረም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ «ልንገራት ወይስ ልደብቃት» የሚለው ነበር። እኔ ደበቅኩ፤ አሁንም ይቆጨኛል። ከችሎት ስንወጣ አባዬ ክንዴን ይዞ «ጡረታው ምን ሆነ?» አለኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። እውነቱን በሚገባው ልክ ብነግረው ኖሮ፣ «ልጆችህ ገንዘብህን እንድንጠብቅልህ ዳኛ ልንጠይቅ ነው» ብለው፣ ገብቶት ነበር ብዬ አስባለሁ። አንቺ ንገሪያቸው። በጠዋቱ፣ በልተው፣ አረፍ ሲሉ። ከቻልሽም የችሎቱ ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ እንዳይሆን ለምኚ፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ቀኑ በገፋ ቁጥር ይደክማል፤ ዳኛው እናትሽን በደህናቸው ሰዓት ይያቸው።