«ተነሱ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በድሬዳዋ ፍርድ ቤቶች በጥብቅና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ችሎት ሥርዓት ሳይሆን «አነሳሳ» ስለሚለው ቃል ነው። እኛ በእናንተ ዕድሜ ሕዝብ ለማነሳሳት መድረክና ማይክራፎን ያስፈልገን ነበር። ለእናንተ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃችኋል። ስለዚህ ቃሉን ከእኛ ይበልጥ ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

አማርኛ ሰውን ወደ ድርጊት የሚያመጡ ግሶች ሞልተውታል። አንዳንዶቹ ከመኝታ ቤት የወጡ ናቸው፦ ቀሰቀሰ፣ አነቃ፣ አነሳ፣ አነሳሳ። ሌሎቹ ከምድጃ የመጡ ናቸው፦ ጫረ፣ ቆሰቆሰ፣ አራገበ፣ አቀጣጠለ። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ዓይኑን ገልጦ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይነሳል፣ ወይም ገልበጥ ብሎ ይተኛል፤ ውሳኔው የራሱ ነው። የተቆሰቆሰ ፍም ግን ጥያቄ የለውም። ነገር ቆስቋሽ፣ ጠብ ጫሪ፣ ወሬ አራጋቢ የምንላቸው ሰዎች ስማቸውን ከምድጃው ያገኙት ፊታቸው የቆመውን ወገናቸውን እንደ ከሰል ስለሚያዩት ነው።

«ቀሰቀሰ» ራሱ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። የምርጫ ቅስቀሳ ሕጋዊ ሥራ ነው፣ ቀስቃሽ ዜማ ሙገሳ ነው፣ ሁከት ቀሰቀሰ ከተባለ ግን ክስ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሲወርድ ከ250 በላይ ሰው አጥተናል። በዚያ ሌሊት የጎረቤቱን በር እየደበደበ የቀሰቀሰ ሰው ቃሉን በእውነተኛ ፍቺው ተጠቅሞበታል፤ ምን እንደመጣና ወዴት መሸሽ እንዳለበት ነግሮ ነው ያስነሳው።

«አነሳሳ» ደግሞ ብቻውን ሊቆም የማይችል ግስ ነው። «አነሳሳኝ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ የሚሰማችሁ ሰው «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ለትምህርት አነሳሳኝ፣ ለበጎ ሥራ አነሳሳኝ፣ ለወንጀል አነሳሳው። መልካሙንና ክፉውን የሚለየው ያቺ ከፊት የምትገባ ትንሽ «ለ» ናት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከእናንተ የምለምነው እሷን እንዳትጥሏት ነው።

ችሎት ላይ ደጋግሜ የሰማሁት መከላከያ «እኔ ድንጋይ አልወረወርኩም» የሚል ነው። ሕጉ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 36 ላይ ለዚህ መልስ አለው። በማግባባት፣ በተስፋ፣ በገንዘብ፣ በስጦታ፣ በዛቻ ወይም በሌላ መንገድ ሌላው ወንጀል እንዲፈጽም ሆን ብሎ ያነሳሳ ሰው፣ ወንጀሉ ቢያንስ ከተሞከረ ይቀጣል። እጁ ድንጋይ ባይነካም። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ እንዲህ ያለውን ንግግር በጽሑፍ፣ በምስል፣ በድምፅም ሆነ በቪዲዮ ማሰራጨትን ከልክሏል። «እኔ አልጻፍኩትም፣ ሼር ነው ያደረግሁት» የምትሉ ሁሉ «ማሰራጨት» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቡት። በምድጃው ቋንቋ አራገባችሁ ማለት ነው።

የሩዋንዳን ጉዳይ ያይ የነበረው በአሩሻ ተቀምጦ የነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1998 እ.ኤ.አ. የታባ ከንቲባ የነበረውን ዣን ፖል አካየሱን ጥፋተኛ ሲል ከክሶቹ አንዱ ሕዝብን በቀጥታና በአደባባይ ለዘር ማጥፋት ማነሳሳት ነበር። ዳኞቹ «በቀጥታ» የሚለውን የመዘኑት በመዝገበ ቃላት ብቻ አልነበረም። ያ ንግግር በዚያ ባህልና በዚያ ቋንቋ ለተነገራቸው ሰዎች ምን ማለት ነበር፣ ሲሰሙት ወዲያው ገብቷቸዋል ወይ ብለው ጠየቁ። ለእኔ ይህ ጥያቄ ከድሬ በላይ የሚሠራበት ከተማ ያለ አይመስለኝም። ከዚራ ሰፈር ማኪያቶ እየጠጣችሁ በአማርኛ የጻፋችሁት ነገር ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ገንደ ቆሬ ሰፈር በኦሮምኛና በሶማልኛ ይወራል። ወሬ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር መጀመሪያ የሚወድቀው ምክንያቱ ነው። «የመብራት ኃይል መልስ እንዲሰጠን ነገ በጽሑፍ እንጠይቅ» ያላችሁት ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ «ነገ እንነሳ ተብሏል» ይሆናል። «ለ»ዋ መንገድ ላይ ቀርታለች።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩትን የክተት አዋጅ እስቲ እንደ ሕግ ባለሙያ አንብቡት። ጠላት ባሕር አቋርጦ የመጣበት ምክንያት ተነግሯል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳ ተጠይቋል። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ እንዲገኝ ቀንና ቦታ ተቆርጦለታል። የሐረሩ ገዢ ራስ መኮንን ያዘመቱት ሠራዊትም ለምን እንደሚሄድ አውቆ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጠው። ቁጣ ብቻውን ከሐረር አድዋ አያደርስም።

አሁን ወደ ሰፈራችሁ ልመለስ። «የሳቢያን ወጣት ሆይ፣ ዝምታ ይብቃ፣ ተነስ!» የሚል ጥሪ ደስ ይላል፤ ደምም ያሞቃል። ግን ሰውዬው ተነስቶ ወዴት ይሂድ? በዚያ ፈንታ «ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ክረምቱ ሳይገባ ቦዩን ለመጥረግ፣ አካፋ ያላችሁ አካፋ፣ የሌላችሁ ጆንያ ይዛችሁ ኑ» ብላችሁ ጻፉ። እዚህ ውስጥ ማንም ሊያጣምመው የሚችል ነገር የለም፤ በሦስት ቋንቋ ቢተረጎምም አካፋ አካፋ ነው።

አንድ የምፈራላችሁ ነገር አለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጥቂት ሰው ብቻ ይመጣል። ማታ ላይ ትበሳጫላችሁ፤ ስልካችሁን አንስታችሁ የቀሩትን «ከሃዲ»፣ «ሆዳም» ብላችሁ መጻፍ ያምራችኋል። ብዙ ጎበዝ ወጣት ከመኝታ ቤቱ ግስ ወደ ምድጃው ግስ ሲሻገር ያየሁት በዚያች ማታ ነው። ስልኩን አስቀምጡና የቀሩትን ሰዎች ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቋቸው። አንዷ ካፊራ ጉሊት ላይ ነበረች፣ ሌላው ሌሊቱን ባጃጅ ሲነዳ አድሯል፣ ሦስተኛው በዚያ ሰዓት የድሬ ፀሐይ አይቻልም ይላችኋል። እውነቱን ነው። ሰዓቱን ወደ 12 አምጡትና ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ጥሩ።