ሲነዳ ደህና ሆኖ መብራት ላይ የሚግል ቪትዝ

መጀመሪያ ፋኑን እይ። ስትነዳ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዝልሃል፣ መብራት ላይ ስትቆም ግን ሥራው በሙሉ የፋኑ ነው፤ የሙቀት ጌጁ በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ) ብቻ ሽቅብ የሚወጣብህ ለዚህ ነው።

ሞተሩን አስነሳና ኤሲውን አብራ። ፋኑ ከዞረ የሙቀት ሴንሰሩን ጠርጥር። ካልዞረ ፊውዙን እይ፣ ከዚያ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) በተመሳሳይ ሪሌ ቀይረህ ሞክር፣ አሁንም እምቢ ካለ የፋኑን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶ እንዲያይልህ ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ስጠው።

አደራ፣ እንደጋለ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ አፍኖ የያዘው የክዳኑ ግፊት ነው። እኔ ቸኩዬ በጨርቅ ከፈትኩት፤ ጠባሳው ክንዴ ላይ አለ። የላይኛው የጎማ ቱቦ ስትይዘው መፋጀቱን እስኪተው ጠብቅ።