ከቨሬጁ የት ገባ? ብዙ ፕሮሰስ ላላችሁ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጅማ ላይ በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም ከሚጽፉ ልጆች ጋር ቡና እየጠጣን ስለ ቴስት ከቨሬጅ (ቴስቱ ሲሮጥ የትኛው የኮድ መስመር እንደተነካ የሚያሳየው ልኬት) የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ያልነበራችሁም እንድታገኙት ይኸው ጻፍኩት።

ጥያቄ፦ የእሸት ቡና ርክክብ የሚያሰላ ፕሮግራም አለኝ። ሥራውን ለአራት ፕሮሰስ (ጎን ለጎን ለየብቻ ለሚሮጡ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ያከፋፍላል። ቴስቱ ያልፋል፤ ከቨሬጁ ግን ስሌቱ ጭራሽ አልተነካም ይላል።

መልስ፦ ተነክቷል፣ አልተመዘገበም እንጂ። መለኪያው የሚያየው የተነሳበትን ፕሮሰስ ብቻ ነው። ለቃሚው የቱንም ያህል ቢለቅም፣ ቅርጫቱ ሚዛን ላይ ካልወጣ ምን ዋጋ አለው? ከቨሬጅ ዶት ፓይ የተባለውን የፓይተን መለኪያ የምትጠቀም ከሆነ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ «ኮንከረንሲ»ን መልቲፕሮሰሲንግ በለው፤ «ፓራለል»ንም አብራ። ያኔ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ፋይል ይጽፋል። ስሙ ውስጥ የማሽኑ ስምና የፕሮሰሱ ቁጥር ስለሚገባ አንዱ በሌላው ላይ አይጽፍም። በመጨረሻ በ«ኮምባይን» ታዋህዳቸዋለህ። ቅንብሩን ግን ፋይል ውስጥ አስቀምጠው። ትእዛዝ መስመር ላይ የጻፍከው ልጆቹ (ዋናው ፕሮሰስ የሚያስነሳቸው ፕሮሰሶች) ጋ አይደርስም።

ጥያቄ፦ የእኔ ፕሮግራም በሰብፕሮሰስ (ሌላ ፕሮግራም በሚያስነሳው የፓይተን ሞጁል) ሌላ ፓይተን ነው የሚያስነሳው።

መልስ፦ ከከቨሬጅ ዶት ፓይ ቨርሽን 7.10 ወዲህ ቀላል ሆኖልሻል፤ በማስተካከያ ፋይሉ «ፓች» የሚለው ላይ ሰብፕሮሰስ ብለሽ መጻፍ ብቻ ነው። ድሮ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብልና አንድ ተጨማሪ ፋይል ይጠይቅ ነበር። አሰልቺ ነገር።

ጥያቄ፦ ኮዱን ሳልነካው ቁጥሩ ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወርዳል።

መልስ፦ ይሄ እኔንም ሁለት ቀን አስለቅሶኛል። መረጃው የሚጻፈው ፕሮሰሱ በሰላም ሲያልቅ ነው። ፑልን (ሥራውን ለልጆቹ የሚያከፋፍለውን የፓይተን መሣሪያ) በ«ዊዝ» ብሎክ ከከፈትከው ግን ከብሎኩ ስትወጣ ልጆቹ «ተርሚኔት» ይደረጋሉ፣ በግድ ይቆማሉ ማለት ነው። ሳይጽፉ የሚሞቱ አሉ፤ ማን እንደሚቀድም ደግሞ ዕድል ነው። ስለዚህ «ክሎዝ» በል፣ ከዚያ «ጆይን» ብለህ ጠብቃቸው። ያ ካልተመቸህ ከ6.4 ጀምሮ «ሲግተርም» የሚባል ቅንብር አለ፤ ያንን ስታበራ ፕሮሰሱ የማቆሚያ ሲግናሉ ሲደርሰው ጽፎ ይወጣል። ዊንዶውስ ላይ ግን አይሠራም። በሲግናል ቁጥር 9 ከገደልከውማ አለቀ፤ ማታ መብራት ድርግም እንደሚልብን ነው፣ ማንም ምንም አያስቀምጥም።

ጥያቄ፦ ግማሹ ቴስት ሰርቨር ላይ፣ ግማሹ ላፕቶፔ ላይ ነው። ሲዋሃድ አንዱ ፋይል ሁለት ቦታ ይታየኛል።

መልስ፦ የፎልደሩ አድራሻ ስለሚለያይ ነው። «ፓዝስ» በሚለው ክፍል ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ንገረው።

ጥያቄ፦ ኮምባይን ካልኩ በኋላ ነጠላ ፋይሎቹ የሉም። ሰረዝኳቸው እንዴ?

መልስ፦ አንቺ አይደለሽም፣ እሱ ራሱ ነው የሚሰርዛቸው። «ኪፕ» ካልሽው ይተዋቸዋል። እኔ ሳላዋህድ በፊት እቆጥራቸዋለሁ። አራት ልጅና አንድ ወላጅ ካሉ አምስት ፋይል መኖር አለበት። አራት ካገኘሁ ሪፖርቱን አልከፍትም፤ መጀመሪያ የጎደለውን ፍለጋ እሄዳለሁ።