ቆማ የከረመች መኪና ለምን ትንቀጠቀጣለች?

ጥያቄ፦ ልጄ ወልዳ ላርሳት ዋሽንግተን ሄጄ ከሰኔ እስከ ኅዳር ቆየሁ። ቪትዜ ሳሪስ ግቢዬ ውስጥ ሳትነቃነቅ ከረመች። አሁን ፍጥነቴ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ ወስጃት የፊት እግሯ በሙሉ ይቀየር ተባልኩ። ከመሄዴ በፊት እኮ ምንም አልነበረባትም!

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችልዎ! የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ግማሹን መልስ ይዟል። ደህና ገብታ የቆመች መኪና እግሯ (ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) በቆመችበት አያልቅም። እኔ የምጠረጥረው ጎማዎቹን ነው።

አንድ ቶን የሚጠጋ ክብደት ለአምስት ወር መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ላይ ተጭኖ ከርሟል። ጎማ ቆሞም ቢሆን በወር አንድ ሁለት ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ነፋስ ያጣል፤ ነፋሱ ሲጎድል ይበልጥ ይተኛል፤ ውስጡ ያለው የናይለን ክርም ጠፍጣፋውን ቅርጽ ይለምደዋል። መኪናዋ ስትነዳ ያ ቦታ በእያንዳንዱ ዙር መንገዱን ይመታል።

መጀመሪያ ጎማዎቹን ይመልከቱ፤ ጎኑ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ካለ አይንዱበት። ደህና ከሆኑ ጎሚስታ ዘንድ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተጻፈው ልክ ነፋስ ያስሞሉ። ጎማውን በጫማው መትቶ «በቂ ነው» የሚል ጎሚስታ አጋጥሞኛል፤ በመለኪያ ያስለኩ። ከዚያ እሁድ ማለዳ ከቱሉ ዲምቱ በክፍያ መንገዱ ወደ ሞጆ፣ ቀኝ መስመር ይዘው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱ። ጎማው ሲሞቅ ክሩ ይላላል፤ መንቀጥቀጡም ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል።

አልቀነሰም? የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ያስቀይሩ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከዞረ ጥፋተኛው ጎማ ነው፤ እግሯን አያስነኩ። ባላንስ ማስደረግም ጠፍጣፋውን ክብ አያደርገውም። የምትንቀጠቀጠው ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ ግን ክረምቱ ያዛገው የፍሬን ዲስክ ይታይ።

ጎማ መግዛት ግድ ከሆነ ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2316 ቢል በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር! በእኛ 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «የ16 ነው፣ አዲስ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ብርዎን ይዘው ይመለሱ።