ለ300 የሳሙና ሳጥን፦ ከግራሙ በፊት ልኩ

ከሐዋሳ ሆነሽ ለእጅ ሥራ ሳሙና 300 ሳጥን ማሳተም ፈልገሽ «ቀላል እንዲሆን ባለ ስንት ግራም ካርቶን ልዘዝ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ግራሙ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ግራም የሚባለው የአንድ ካሬ ሜትር ካርቶን ክብደት ነው፤ ለአንድ የሳሙና ሳጥን በባለ 300 እና በባለ 350 ካርቶን መካከል ያለው የክብደት ልዩነት 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ባለ 300 ይበቃሻል። ገንዘብ የሚበላው ልኩ ነው።

1. ሳሙናው ሳይደርቅ አትለኪ። በቀዝቃዛ ዘዴ የተሠራ ሳሙና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲቀመጥ ውኃው እየተነነ ይኮማተራል። ቀድመሽ ለክተሽ ያሠራሽው ሳጥን ውስጡ ይንገጫገጫል፤ ሲደራረብም የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። ከደረቀ በኋላ ከአሥር ሳሙና ትልቁን መርጠሽ ለኪና በርዝመት፣ በወርድና በቁመት 2 ሚሊ ሜትር ጨምሪ። ሳሙናው 88 በ58 በ28 ከሆነ ሳጥኑ 90 በ60 በ30 ይሁን። ትዕዛዙ ላይ «የውስጥ ልክ» ተብሎ ይጻፍ።

2. ልኩን ከሉኩ ጋር አገናዝቢ። ይህ ሳጥን ሲዘረጋ ከነማጣበቂያ ጆሮውና ከነክዳኖቹ 19.2 በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ70 በ100 ሴንቲ ሜትር ሉክ 15 ይወጣል። «ሰፋ ቢል ያምራል» ብለሽ 6 የነበረውን ወርድ 6.5 ካደረግሽው ዙሪያው 20.2 ይሆንና በዚያው አቀማመጥ የሚወጣው 12 ብቻ ነው። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ከአምስት ሳጥን አንዱ ቀረ ማለት ነው። ሠራተኛው አዙሮ 15 ሊያወጣልሽ ይችላል፤ ግን ያኔ የወረቀቱ ክር (በውስጡ ያሉት ቃጫዎች የተኙበት) አቅጣጫ ይበላሻል። ክሩ ሳጥኑን እንደ ቀበቶ መዞር አለበት። ወደ ላይ ከቆመ የሳጥኑ ፊት ያብጣል፣ በክረምት እርጥበት ደግሞ ይብሳል። ለማወቅ ቁራጩን በሁለቱም አቅጣጫ ጎንበስ አድርጊው፤ ክሩ የሚሄደው በቀላሉ ከታጠፈበት መስመር ጋር ትይዩ ነው። የቁም ማጠፊያዎቹ ክሩን ስለሚያቋርጡ በማሽን በደንብ መጨቆን አለባቸው፤ አለዚያ ቀለሙ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል።

3. ለ300 ፍሬ ኦፍሴት (በፕሌት፣ ማለትም በብረት ቅርጽ የሚታተመው) አያዋጣም። የፕሌቱና የማሽን ዝግጅቱ ወጪ ለ300ም ለ5000ም ያው ነው። ሳጥኑን ያለ ህትመት በክራፍት (ቡናማው ካርቶን) አስቆርጪ፣ ስምና መግለጫውን 20 በ5 ሴንቲ ሜትር በሆነ የወረቀት ቀበቶ ላይ በዲጂታል አሳትሚ። ከ32 በ45 ሴንቲ ሜትር ሉክ 12 ቀበቶ ይወጣል፤ 300ው በ25 ሉክ ያልቃል። ሽታ ስትቀይሪም የምትቀይሪው ቀበቶውን ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች ኮምፒውተር ላይ ምስል ያሳዩና «ይኸው አይተሽዋል» ብለው ቀብድ ይቀበላሉ። ምስል ሳሙና አይይዝም! በዚያው ካርቶን በእጅ የተቆረጠ፣ ምንም ያልታተመበት ባዶ ናሙና ሳታዪ ቀብድ አትክፈዪ፤ ለናሙናው ለብቻው ቢያስከፍሉሽም ክፈዪ። ሳሙናውን ከተሽ፣ ዘግተሽ፣ ገልብጠሽ አራግፊው። ክዳኑ ከተከፈተ ዳዩ (ሳጥኑን የሚቆርጠው ባለ ስለት ቅርጽ) ሳይሠራ ይስተካከል፤ ከተሠራ በኋላ ማስተካከል ሌላ ዳይ ማሠራት ነው። የዳዩን ዋጋ የምትከፍዪው አንቺ ሆነሽ ሳለ «ዳዩ ከእኛ አይወጣም» ማለትም የተለመደ ነው። በሚቀጥለው ዙር ዋጋ ቢጨምሩብሽ የትም መሄድ አትችዪም። ዳዩ ያንቺ መሆኑን ደረሰኙ ላይ ወይም ውሉ ላይ አስጽፊ።

ወደፊት ሙሉ ህትመት ስታደርጊ የማጣበቂያው ጆሮ ቀለምም ላሚኔሽንም (ላዩ ላይ የሚለበጠው ስስ ፕላስቲክ) እንዳይነካው፤ ኮላው አይይዝም። የምርት ቀን በማኅተም የምትመቺበትንም ቦታ እንዲሁ፣ የማኅተም ቀለም ላሚኔሽን ላይ ይንሸራተታል። ጀርባው ግራጫ የሆነው ዱፕሌክስ ካርቶን ዘይት ስለሚመጥ ሳሙናውን መጀመሪያ በሰም ወረቀት ጠቅልዪ። በፕላስቲክ ግን አትጠቅልዪ፣ ያልበዋል።

አዲስ አበባ የምትልኪ ከሆነ በአንድ ካርቶን 48 ሳጥን በቁማቸው 6 በ8 ደርድሪ፤ የውጪው ካርቶን ውስጡ ከ36 በ24 በ9 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ይበል። የካርቶኑ ሽንሽን (በውስጡ ያለው ሞገድ) ከላይ ወደ ታች የቆመ ይሁን፤ በአግድም ከሆነ ፖርቶመጋላ ላይ ሌላ ዕቃ ሲጫንበት ይተኛል።

ሻማም እንደምትጨምሪ ጽፈሻል። ለብርጭቆ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ሽንሽን ካርቶንና ታቹ እርስ በርሱ የሚቆላለፍ ሳጥን ያስፈልገዋል። ከነሰሙ ስንት ግራም እንደሚመዝንና የአፉን ስፋት ጻፊልኝ፣ ልኩን አብረን እናወጣለን።