ጣቢያው በረሃ መሃል ለምን ተሠራ?

ጥያቄ፦ ወደ ድሬዳዋ ስንጓዝ፣ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አስፋልት አቅራቢያ የተዘጋ ትንሽ የባቡር ጣቢያ አየሁ። ዙሪያው ጭር ያለ ነው። ማን ሊሳፈርበት ተሠራ? አዲሱ ባቡርስ ለምን አይጠቀምበትም? የእኛ ጎጃም ባቡር ሳያይ የቀረውስ ለምንድን ነው?
አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎችን እዚያ ያስቀመጣቸው ከተሳፋሪ ይልቅ ውኃ ነው። መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ባቡሩ የሚሄደው በእንፋሎት ነበር። እንፋሎቱ የሚፈላበት ማሞቂያ ውኃው ከልክ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ መንደር ኖረም አልኖረም በየመንገዱ ውኃ መቅጃ ያስፈልግ ነበር።

ሌላው ምክንያት መተላለፊያ ነው። ሐዲዱ ነጠላ ስለነበር ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ይቆማል፤ የጣቢያው ኃላፊም ከቀጣዩ ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ መንገዱ ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይለቀውም። እንደገና ሲያልፉ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ጠጠር ልብ ብለው ይዩት። ለሁለት ሐዲድ ያህል ሰፍቶ ወደ ፊት እንደገና ከጠበበ፣ መተላለፊያው እሱ ነው። ሐዲዱ ቢነቀል እንኳ ጠጠሩ ይቀራል።

በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡር ሲገባ የውኃ ታንከሩ ሥራ ፈታ። የትንንሾቹ ጣቢያዎች መዳከም የጀመረው ያኔ ነው እንላለን፤ አዲሱ መስመር የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ይህ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው መስመር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የድሮው 1,000 ብቻ ነው። የአዲሱ ባቡር መንኮራኩር በድሮው ሐዲድ ላይ አይገጥምም። የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ነው፤ ለብቻውም አዲስ መንገድ ተጠርጎለታል። የቀሩትን የድሮ ታንከሮች እንደ ቁራጭ ብረት መሸጥ ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጣቢያው ለምን እዚያ እንደቆመ የሚመሰክሩት እነሱ ናቸውና።

ወደ ጎጃም እንምጣ። መስመሩ የታሰበው ለወደብ ንግድ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ እናንተ ለመዝለቅ ደግሞ ዓባይ አለ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት፣ ጭነት የያዘ ባቡር በ1,000 ሜትር ጉዞ 25 ሜትር መውጣት እንኳ ይከብደዋል። በዚያ ልክ ቢሠራ ለመውረድ ብቻ 56 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈጃል፤ ደጀን ለመውጣትም ያንኑ ያህል። መኪና መውረዱንም መውጣቱንም በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨርሰዋል።